ከአባይ በረሃ እስከ ሰባራ ድልድይ፡ የቢቸናና የሞጣ ጎዳና በብስክሌት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ጎጃም የሚያመራ መንገደኛ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ከተማ ሲደርስ ጎዳናው ለሁለት ይከፈልበታል። የግራው መስመር በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ባህር ዳር ይዘልቃል። የቀኙ ደግሞ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ እዚያው ባህር ዳር ይደርሳል። የመጀመሪያው 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለተኛው 490 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሁንና አጭሩ ጎዳና ለረጅም ዓመታት የጠጠር መንገድ ሆኖ በመቆየቱ አብዛኛው መንገደኛ፣ በተለይም የአገር ጎብኚው፣ ረጅሙን ሲመርጥ ኖሯል። በዚህም ሳቢያ በምስራቅ ጎጃም ኮረብታዎች ላይ የተቀመጡት ጥንታዊ ገዳማትና የታሪክ ስፍራዎች በብዙዎች ዘንድ በስም እንጂ በዓይን አይታወቁም።

ይህ ጎዳና በዓለም ላይ እየተስፋፋ ለመጣው የኮረብታማ አገር የብስክሌት ጉዞ ያለው ምቹነት ምንድን ነው? በመንገዱ ላይ ምን ይገኛል? ብስክሌተኛውስ ሆነ የአካባቢው ነዋሪ ምን ሊያውቅ ይገባል? ይህ ጽሁፍ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ይሞክራል።

በቅድሚያ አንድ ጉዳይ በግልጽ መነገር ይኖርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው የትጥቅ ግጭት የምስራቅ ጎጃምን የእለት ተእለት እንቅስቃሴ ክፉኛ ጎድቷል። ስለሆነም ከዚህ በታች የሚቀርበው ገለጻ ማንም ሰው ነገ ማለዳ ተነስቶ እንዲጓዝ የሚያበረታታ አይደለም። ሰላም ሲሰፍን አካባቢው ምን ይዞ እንደሚጠብቅ የሚያሳይ ነው። ለመጓዝ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደርና ከነዋሪዎች ማጣራት ይገባዋል።

ብስክሌት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን በተካሄደው የኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ከአትሌቶቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር። በዚያ ውድድር ገረመው ደንቦባ በጎዳና ግልቢያ 24ኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ ቡድኑ ደግሞ 9ኛ ደረጃን አግኝቷል። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ከማሸነፉ ከአራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅቷል። በጎረቤት ኤርትራም ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ ውድድር ሶስት ዙሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን መለያ ወስዷል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተካሂዷል። የወንዶቹ ዋና ውድድር 267 ኪሎ ሜትር ርዝመት የነበረው ሲሆን ተወዳዳሪዎቹ በድምሩ ከ5000 ሜትር በላይ ዳገት ወጥተዋል። አሸናፊው ስሎቬናዊው ታዴይ ፖጋቻር ነበር። ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስበው ግን ሩዋንዳ ለዚህ ክብር የበቃችው ኮረብታዎቿን እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ሀብት በመቁጠሯ መሆኑ ነው። ኪጋሊ ከባህር ወለል በላይ 1500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ቢቸናና ሞጣ ግን ሁለቱም በ2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ይህም በቱር ደ ፍራንስ ዝነኛ ከሆነው ከኢዞአር መተላለፊያ፣ ማለትም ከ2360 ሜትር፣ የሚበልጥ ከፍታ ነው። በአልፕስ ተራሮች ላይ ብስክሌተኛው ጫፍ ደርሶ ወዲያው የሚወርድበት ከፍታ በምስራቅ ጎጃም ሰዎች ቤት ሠርተው፣ ጤፍ ዘርተውና ገበያ አቁመው የሚኖሩበት ሜዳ ነው።

የጉዞው ትልቁ ፈተና የሚገኘው በመግቢያው ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከደጋው ጫፍ ተነስቶ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል በመውረድ ወደ አባይ ወንዝ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግስት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ከተሻገረ በኋላም ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከካይሮ ተነስቶ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀውና እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ቱር ዳፍሪክ የተሰኘው የብስክሌት ጉዞ ኢትዮጵያን ሲያቋርጥ ይህን በረሃ በጉዞው ሁሉ ከሚታወሱት ዳገቶች እንደ አንዱ ሲቆጥረው ኖሯል።

የዳገት ክብደት የሚለካው በመቶኛ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ተጉዞ 100 ሜትር ከፍ ያለ ሰው በ10 በመቶ ዳገት ላይ ወጥቷል ይባላል። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ሽቅብ ርዝመቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአማካይ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ነው። ይህ ቁጥር ለመኪና ነጂ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ለብስክሌተኛው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ሰውየውና ብስክሌቱ በአንድነት 85 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ይህን ክብደት 1300 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ሰውነት ወደ 1000 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ያቃጥላል። ይህ የአንድ ሰው የእለት ምግብ ግማሽ ገደማ ነው።

ከዳገቱ ሌላ የአየሩ መሳሳት አለ። በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ያነሰ ይሆናል። ከቆላ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቢደክምና ራሱን ቢያመው ሊደነቅ አይገባም፤ ሁለትና ሶስት ቀን እየተለማመደ መጓዝ ይረዳዋል። የደጋው ተወላጅ ግን በዚህ አየር ውስጥ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ለእሱ ሸክም ሳይሆን ስንቅ ነው። የሩጫ ጀግኖቻችንን ያፈራው ይኸው ከፍታ ብስክሌተኛ የማያፈራበት ምክንያት የለም። የጎደለው ሳንባ ሳይሆን ብስክሌት፣ አሰልጣኝና ውድድር ነው።

ከደጀን በኋላ መንገዱ ጠባዩን ይለውጣል። በረሃው ወደ ኋላ ቀርቶ ሰፊው የደጋ ሜዳ ይከፈታል። በስተግራ በኩል ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ይታያል። ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚሁ ተራራ ተነስተው ሜዳውን እየሰነጠቁ ወደ አባይ ይወርዳሉ። በመሆኑም ጎዳናው ወንዞቹን ባቋረጠ ቁጥር ወርዶ መውጣት ግዴታ ይሆናል። ብስክሌተኞች በአንድ ትልቅ ተራራ ሳይሆን በብዙ ትናንሽ ዳገቶች የሚደክሙበት እንዲህ ያለው መንገድ አቅምን ቆጥቦ መጓዝን ይጠይቃል።

ከደጀን ቢቸና 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ቀደም ሲል የቢቸና አውራጃ መቀመጫ ነበረች። አካባቢው ጥቁር መሬት የሚያበቅለው በነጭ ጤፉ የታወቀ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ወራት ማሳው ሲያሽት የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ማዕበል ያያል። የዚያው ጥቁር መሬት ጠባይ ግን በክረምት ይከፋል። ዝናብ ሲያርሰው እንደ ሙጫ ጎማ ላይ ይጣበቃል፤ ፍሬኑንና ካቴናውን ሞልቶ ብስክሌቱን ጨርሶ ያቆመዋል። ስለዚህ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገዳማት ለመጓዝ የሚመረጠው ጊዜ ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ወር እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው።

የቢቸና ምድር በአርበኝነት ታሪክም ከፍ ያለ ስፍራ አለው። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረችበት ወቅት በላይ ዘለቀ ጦሩን አደራጅቶ አምስቱን የወረራ ዓመታት ጠላትን ሲዋጋ የቆየው በዚሁ በቢቸና አካባቢና በአባይ በረሃ ነበር። ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት መቀጣቱ እስከ ዛሬ የጎጃም ሰው በቁጭት የሚያነሳው ጉዳይ ነው። ብስክሌተኛው ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ያሰለቸው ገደል ለአርበኛው ምሽግ እንደነበር ሲያስብ መልክዓ ምድሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም የጎጃም ገበሬዎች ሲነሱም ቢቸናና ሞጣ ከንቅናቄው ዋና ዋና ማዕከላት መካከል ነበሩ።

ከቢቸና ሳይርቅ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ይገኛል። ገዳሙ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ተከሥተ ብርሃን እንደተመሠረተ የሚነገርለት ሲሆን በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት ስመ ጥር ሆኖ የቆየ ነው። ቀጥሎ የሚገኘው ደብረ ወርቅ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ በኮረብታ ላይ የተተከለ ደብር ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ እንደሳላት የሚታመንባት የእመቤታችን ስዕል በዚያ እንደምትገኝ ምእመናን ይናገራሉ። ከእነዚህ ስፍራዎች የወጡ የቅኔ መምህራንና ተማሪዎች ለዘመናት አኩፋዳቸውን አንግተው ከደብር ደብር ሲመላለሱ የኖሩት በእነዚሁ ኮረብታዎች ላይ በእግራቸው ነው። ብስክሌተኛው የሚከተለው መንገድ አስቀድሞ የተማሪ መንገድ ነበር ማለት ይቻላል።

ከጉንደ ወይን ወደ ምስራቅ የሚታጠፈው መንገድ ወደ መርጡለ ማርያም ይወስዳል። የገዳሙ ትውፊት አመሠራረቱን ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ያደርሰዋል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ በዚያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ ቅርጹ የተደነቀ ነበር። ከጊዜ በኋላ በጦርነት ቢጎዳም የፍራሹ ግድግዳዎችና በላያቸው የተቀረጹት ጌጦች የጥንቱን ጥበብ ይመሰክራሉ። ይህን ለማየት የሚፈልግ ብስክሌተኛ ከዋናው ጎዳና ስለሚወጣ አንድ ተጨማሪ ቀን መመደብ ይኖርበታል።

ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለው ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሰለጠነ ተወዳዳሪ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ለማየትና ለማረፍ የሚጓዝ ሰው ግን በሁለት ቀን ቢከፍለው ይሻላል። ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ የነበሩት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመሠረቱት የሞጣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስሟ ይነሳል።

ከሞጣ በስተሰሜን፣ መሬቱ ወደ አባይ በሚያዘቀዝቅበት ስፍራ፣ የጉዞው ሁሉ ማሳረጊያ ሊባል የሚገባው ሰባራ ድልድይ ይገኛል። ድልድዩ በአጼ ፋሲል ዘመነ መንግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1660 አካባቢ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሲሆን ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ለሶስት መቶ ዓመታት ያህል አገናኝቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት ሲባል መካከሉ ተሰበረ። ሰባራ ድልድይ የሚለውን ስም ያገኘውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው አሻጋገር ለሚያየው ሁሉ አሳዛኝ ነበር። ወዲህና ወዲያ ማዶ የቆሙ ጎልማሶች ገመድ ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከጥልቁ ወንዝ በላይ እየተንጠለጠለ ይጎተታል። ገበያተኛው፣ ሰርገኛውና ታማሚው በዚህ መልኩ ለአስርተ ዓመታት ተሻግረዋል። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የተመለከተው አሜሪካዊው የግንባታ ባለሙያ ኬን ፍራንዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። በቀጣዩ ዓመትም የተሰበረው መካከል በብረት ተጠግኖ ሰው መሻገር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአባይ ሙላት ጥገናውን ቢወስደውም በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል። ይኸው ድርጅት ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮችን የሠራ ሲሆን መነሻው ግን የሞጣ ገበሬ ችግር ነበር።

ከሞጣ ባህር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በአጠቃላይ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ እየዘቀጠ ስለሚሄድ ብስክሌተኛው በመጀመሪያው ቀን የከፈለውን ድካም በመጨረሻው ቀን ይካሳል። ባህር ዳር ሜዳማ በመሆኗ ብስክሌት የነዋሪው የእለት መጓጓዣ የሆነባት ከተማ ናት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይም ለብስክሌተኞች ቦታ ተለይቶለታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የሚያስፈልገው ዝግጅት ውስብስብ አይደለም። ቀጫጭን የውድድር ጎማ ለአስፋልት እንጂ ለጠጠሩ አይሆንም፤ ወፈር ያለ ጎማ፣ ለዳገት የሚያግዝ ቀላል ማርሽ፣ ትርፍ ካላማዳሪና መንፊያ መያዝ ይገባል። በትልልቆቹ ከተሞች ጎሚስታ ቢገኝም በመካከል ባለው ገጠር ራስን መቻል ያሻል። በረጅሙ ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ሳያቋርጡ መያዝ ቸርኬውን አግሎ ለአደጋ ስለሚዳርግ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መውረድ ተገቢ ነው። ስንቅን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣ ጣፋጭ መፈለግ አያስፈልግም። በሶና ቆሎ ለረጅም መንገድ የታመኑ የአገር ምግቦች ናቸው።

በገበያ ቀን መንገዱ በሰው፣ በአህያና በከብት ስለሚሞላ ፍጥነትን መቀነስና መሬቱን ላለው መልቀቅ የእንግዳ ግዴታ ነው። ወደ ገዳም የሚገባም የብስክሌት ቁምጣውን በረጅም ሱሪ ለውጦ፣ ነጠላ አጣፍቶና ጫማውን አውልቆ መግባት እንዲሁም ሴቶች የማይገቡበት ክልል መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊትም ፈቃድ መጠየቅ ያስከብራል።

ሌሎች አገሮች ከእንዲህ ዓይነት መንገድ ምን እንዳተረፉ ለማየት የጣሊያኗን ቶስካና መመልከት ይበቃል። በዚያች ኮረብታማ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 ጥቂት ሰዎች ነጫጭ የጠጠር መንገዶቻቸው እንዳይጠፉ በማሰብ ኤሮይካ የተባለ የብስክሌት ጉዞ ጀመሩ። ከአስር ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ በእነዚያው መንገዶች ላይ የታላላቅ ተወዳዳሪዎች ውድድር ተቋቋመ። ዛሬ የሲዬና ከተማ ጥንታዊ አደባባይ በየዓመቱ የመድረሻው መስመር ይሆናል።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም። የቶስካና ሰው ጠጠሩን የጠበቀው አስፋልቱን አስቀድሞ ካገኘ በኋላ ነው። የእነማይና የእነሴ ገበሬ ግን ጤፉን ወደ ገበያ፣ ወላዷን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ጥሩ መንገድ ለማግኘት ዘመናት ጠብቋል። ለእንግዳ ደስታ ተብሎ ማንም ሰው ጠጠር ላይ እንዲቀር ሊጠየቅ አይችልም። መንገዱ በተሻሻለ ቁጥር ግን ሌላ ስጋት ይመጣል። ፈጣኑ ተሽከርካሪ ሳይቆም ያልፋል፤ ከተሞቹም ከመስኮት የሚታዩ ሆነው ይቀራሉ። የብስክሌት ጉዞ ልዩ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ብስክሌተኛ በቀን የሚጓዘው 60 እና 70 ኪሎ ሜትር በመሆኑ ቢቸና ላይ ምሳ ይበላል፣ ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ጉንደ ወይን ላይ ያድራል፣ ሞጣ ላይ ጎማውን ያስጠግናል። አውቶቡስ በአንድ ቀን የሚያልፈው ጎዳና ለእሱ የአምስትና የስድስት ቀን ኑሮ ነው። ገንዘቡም በመንገዱ ላይ ይበተናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከባድ አይደለም። ርቀትና ዳገትን የሚያመለክቱ ምልክቶች፣ ንጹህ ውሃ የሚገኝባቸው ቦታዎች፣ ቀላልና ንጹህ ማደሪያ፣ ስለየገዳማቱ በቂ እውቀት ያላቸው አስጎብኚ ወጣቶች፣ በየከተማው አንድ ጠጋኝ ቢኖሩ መስመሩ ይቆማል። የአካባቢው ወጣትም እንግዳው ሲያልፍ ከማየት አልፎ ራሱ ብስክሌት የሚጋልብበት እድል ቢመቻችለት ከእነዚህ ኮረብታዎች የገረመው ደንቦባና የጽጋቡ ግርማይ ተተኪ ሊወጣ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ግን ሰላም ነው። የሰባራ ድልድይ ታሪክ ለዚህ በቂ ምሳሌ ይሆናል። በአንድ የጦርነት ዘመን የተሰበረ መሻገሪያ ተመልሶ እስኪጠገን ሁለት ትውልድ በገመድ ተንጠልጥሎ ተሻግሯል። መንገድ በጦርነት ለመቆረጥ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ለመቀጠል ግን እድሜ ይፈጃል። የቢቸናና የሞጣ ጎዳና ለብስክሌተኛው ከመከፈቱ አስቀድሞ ለገበሬው፣ ለተማሪውና ለነጋዴው ያለ ስጋት ሊከፈት ይገባል። ያ በሆነ ጊዜ እንግዳው በብስክሌቱ ዳገቱን ሲወጣ የሚያገኘው ተቀባይ የለመደውን ደግነት ይዞ ይጠብቀዋል።